ቄጠማውን የወሰደችው ዳማ ናት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዘይት ዋጋና ስለ ታክሲ ሰልፍ ደብዳቤ በሚጎርፍበት ገጻችሁ ላይ እኔ ስለ ውሻ ምጥ ልጽፍ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። እኔም አንድ ጊዜ ስቄበታለሁ። የሳቄን ዋጋ ግን ከፍዬዋለሁ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ሽሮ ሜዳ አካባቢ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። የሀበሻ ልብስ ነው ሥራዬ። ቤቴ ወደ እንጦጦ ጋራ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ሌሊት ሌሊት ጅብ እስከ አጥራችን ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ውሻ ጌጥ አይደለም፤ ዘበኛ ነው። የእኛዋ ዳማ ትባላለች። መልኳም ዳማ ነው። ዘሯ ይሄ ነው አይባልም፤ የሰፈር ውሻ ናት። አራት ዓመት ሆኗታል።

"ውሻ እኮ ናት፤ ብቻዋን ወልዳ ታድራለች" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። እናቴ ቤት የነበረችው ውሻ ጠፍታ ከርማ ስድስት ቡችላ አስከትላ ስትመጣ ትዝ ይለኛል። ካቻምና ክረምት ዳማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትደርስ እኔም ያንኑ አልኩ። ቀን አልቆጠርኩም። ቦታም ቀደም ብዬ አላዘጋጀሁም።

ማታ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዳማ ማድ ቤቱ ጥግ ተኝታ ታለከልካለች። ባለቤቴ በባትሪ አየቻትና "ከኋላዋ አረንጓዴ ነገር እየፈሰሳት ነው" አለችኝ። "ጎመን በልታ ይሆናል" ብዬ ሳቅኩ። ይኸው ነው ሳቄ። ገብቼ ተኛሁ።

ሲነጋ ቡችላ የለም። ዳማ ደክማለች፤ ዓይኗ ብቻ ይንከራተታል። ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ከብትና ውሻ የሚወጋ አንድ ሰው አስጠራሁ። ሆዷን እንኳ በቅጡ ሳይዳስስ "ምጥ ማፋጠኛ ነው" ብሎ ወጋት። ከዚያ በኋላ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሁለት ባለ ታክሲዎች "ውሻ አልጭንም" ብለው ሄዱ። ሦስተኛው በእጥፍ ዋጋ፣ ላስቲክ አስነጥፎ ወሰደን። የእንስሳት ሐኪሙ ሆዷን ቀዶ ሦስት ቡችላ አወጣ። ሦስቱም ሞተዋል። የመጀመሪያው አግድም ተጋድሞ መውጫውን ዘግቶት ነበር። ዳማ ለጥቂት ተረፈች።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ፈሳሹ መቼ ታየ፣ ጋሼ?" አለኝ። "ትናንት ማታ" አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ ነው ያስረዳኝ። ያ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም የሚመጣው ከእንግዴ ልጁ ጠርዝ ነው። የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወለድ ከታየ፣ እንግዴ ልጁ ከማኅፀኑ መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቡችላው ከእናቱ የሚያገኘው አየር ይቋረጣል። ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው፤ ነገ የለም። አንድ ቡችላ ከወጣ በኋላ ግን ያው ቀለም ቢታይ ጤና ነው። ቀለሙ አንድ ነው፤ የሚለየው ሰዓቱ ነው።

ስለ መርፌውም ነገረኝ። መድኃኒቱ ማኅፀኑን አጥብቆ ያኮማትራል። መውጫው ተዘግቶ ሳለ ከተሰጠ ማኅፀኑን ሊቀደው ይችላል። እንኳን በመንደር፣ በክሊኒክም ሳይመረመር አይሰጥም አለኝ።

ያኔውኑ ማኅፀኗን እንዲያወጣላት ጠይቆኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ከእሷ አንድ ወንድ ቡችላ ማስቀረት ፈልጌ ነበር። ዳማ አሁን አርጅታለች ባይባልም፣ ጅቡ አላረጀም።

ዘንድሮ ግን ደብተር ያዝኩ። የደንበኞቼን ልኬት የምጽፍበት ደብተር ነው። ፊት ለፊቱ ትከሻ፣ ወገብ፣ የቀሚስ ቁመት፤ የመጨረሻው ገጽ የዳማ ነው። የሰፈሩ ወንድ ውሾች በራችን ላይ ተሰልፈው የሰነበቱት ከጾሙ በፊት ነው። ከቅበላው እሁድ አንድ ሳምንት ቀድሞ በዋለው እሁድ ከአንዱ ጋር ተጣብቃ አየኋት። ጻፍኩ። ማክሰኞ ደግሞ ከሌላው ጋር። እሱንም ጻፍኩ። (የአንድ ሆድ ቡችሎች አባታቸው ሊለያይ ይችላል። ይህን ሳላውቅ ስንቷን ውሻ በሆዴ አምቻለሁ!)

የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው። ከዚያ እሁድ እስከ ጾሙ መግቢያ ሰኞ 8 ቀን አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። 8 እና 55 ስደምር 63 መጣልኝ። ደነገጥኩ። ለካስ ዳማ የምትደርሰው ለፋሲካ ነው! የሀበሻ ልብስ ሰፊ ለፋሲካ ሳምንት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። እንቅልፍ የለም። ኋላ ግን እንቅልፍ ማጣቴ ጠቀማት።

ቀን መቁጠር ደግሞ ብቻውን አያስተማምንም። የወንዱ ዘር ሴቷ ሆድ ውስጥ ለቀናት ሕያው ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ያየነው ቀንና የጸነሰችበት ቀን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ከተገናኙበት ቀን ሲቆጠር ከ58 እስከ 68 ቀን ወዲህ ወዲያ ይላል። አሥር ሌሊት ማለት ነው። አሥር ሌሊት ቁጭ ብሎ የሚያድር ማነው? ቀኑ "ተዘጋጅ" ይላል እንጂ "ዛሬ ነው" አይልም። ዛሬ ነው የሚለው ገላዋ ነው።

ስለ ጾሙ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ የሰፈር ውሻም አብሮን ይጾማል። ሳይወድ በግዱ። ቡችሎቹ ደግሞ በብዛት የሚያድጉት በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው። እናቲቱ ያኔ ነው ደህና ምግብ የምትፈልገው። ሆዷ ስለተጨናነቀ ብዙ በአንድ ጊዜ አይገባላትም፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ነው። እንቁላል ልቀቅልላት ስል ባለቤቴ "በእኔ ድስት? በጾም?" አለች። እውነቷን ነው። የልብስ መስፊያ ክፍሌ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና አሮጌ ጣሳ አስገባሁ። አንድ ደንበኛዬ ለልኬት ገብታ የእንቁላሉ ሽታ ሲመታት ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። "ለውሻዬ ነው" አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ምልክቶቹን በቅደም ተከተል ልዘረዝር አልፈልግም። ገላ እንደ መመሪያ ወረቀት ተራ አይጠብቅም። ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ በየሳምንቱ ሆዷን በሜትር እለካ ነበር። በሰሞነ ሕማማቱ መግቢያ ላይ ቁጥሩ መጨመሩን አቆመ። ቅርጹ ግን ተለወጠ። ሆዷ ወደ ታች ወረደ። ከወገቧ ግራና ቀኝ ጎድጎድ አለ፤ የጀርባዋ አጥንት ጎልቶ ወጣ። በጭራዋ ሥር ያለው ሥጋም ላላ። ጨርቁ ያው ሆኖ ስፌቱ ወደ ታች የተንሸራተተ ቀሚስ አስቡ። ብልቷም አብጦ ለስልሶ ነበር፤ ነጣ ያለ፣ እንደ እንቁላል ውሃ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ጣል ጣል ያደርጋታል። ይህኛው አያስፈራም። ሽታ የሌለውና ቀለሙ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ።

ወተቱን ብዙ ሰው ያምነዋል። እኔ አላመንኩትም። አንዳንዷ ከሳምንት በፊት ታጋታለች፤ በመጀመሪያ ወሊዷ ያለች ደግሞ ምጡ እስኪይዛት ጠብ ላይላት ይችላል። ከዚህም የባሰ አለ። አንዲት ጎረቤታችን ውሻ ጡቷ ወተት ሞልቶ፣ የባለቤቷን ሸበጥ እንደ ልጅ አቅፋ፣ ጉድጓድ ስትቆፍር ሰንብታ ምንም ሳትወልድ ቀረች። "መተት ነው" ተባለ። መተት አይደለም። ሴት ውሻ ወንድ ከፈለገች ሁለት ወር ገደማ በኋላ ሳታረግዝም ገላዋ እንዳረገዘች ሊያስመስላት ይችላል። ስለዚህ ወተት ብቻውን ምስክር አይሆንም።

እኔን ያሳረፈኝ ቴርሞሜትር ነው። በትንሽ ስክሪን ቁጥር የሚያሳየው፣ ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጠው ዓይነት። የመስታወቱ ከተሰበረ አደገኛ ስለሆነ ተውኩት። ፋርማሲስቷ "ለሕፃን ነው ጋሼ?" አለችኝ። "ለምትወልድ" አልኳት። በየት በኩል እንደሚለካ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ጫፉን ቫዝሊን መቀባት፣ ጭራዋን ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ከመቀመጫዋ ትንሽ ማስገባት፣ እስኪጮህ መጠበቅ ነው። ዳማ መጀመሪያ ቀን ተገላምጣ አየችኝ። በሦስተኛው ቀን ለመደችው።

የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከሰው ከፍ ይላል። በእርግዝናዋ መጨረሻ ትንሽ ወረድ ወጣ ይላል። ልትወልድ 12 እስከ 24 ሰዓት ሲቀራት ግን ወደ 37 ገደማ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ነው። እርግዝናውን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው፤ እሱ ሲወርድ ሙቀቷም አብሮ ይወርዳል። ለእኛ ጤና የሆነው 37 ለእሷ የምጥ ደወል ነው። ለዚህ ግን ቀደም ብሎ መጀመር ያስፈልጋል፤ ከሳምንት በፊት ጀምሮ፣ ጠዋትና ማታ። የራሷን ልክ ሳታውቅ አንድ ቀን ብድግ ብለህ ብትለካ ቁጥሩ አያናግርህም። ዝቅታው ደግሞ ብዙ አይቆይም፤ አንድ ጊዜ ከዘለልከው አለፈህ።

ደብተሬ እንዲህ ይላል። ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት 38.3። ማታ 38.2። ስቅለት ጠዋት 38.2፤ ማታ ከስግደት ተመልሼ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ፣ 38.1። ቅዳም ሹር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 37.1። ሁለተኛ ለካሁ። 37.1። ባለቤቴን ቀሰቀስኳትና "ዛሬ ማታ ናት" አልኳት። "ማን ነገረህ?" "ቴርሞሜትሩ።" ተገላብጣ ተኛች።

ዳማ ያን ዕለት የዶሮውን እግርና ጭንቅላት አሽትታ ትታ ሄደች። ሁዳዴን ሙሉ ሥጋ ሳታሸት የከረመች ውሻ! ለእኔ ይህ ከቁጥሩ አያንስም። ግን እስከ ምጡ ድረስ የሚበሉም አሉና ስለበላች ብቻ "ገና ናት" አትበሉ።

ከሰዓት በኋላ ለበዓሉ ቄጠማ ገዝቼ በረንዳ ላይ አኖርኩ። ወደ 9 ሰዓት ገደማ ባለቤቴ "ቄጠማው የት ሄደ?" ብላ ጮኸች። ሕፃናቱ ተጠየቁ። ሠራተኛዬ ተጠየቀ። እኔ ወደ መስፊያው ክፍል ገብቼ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ስል ዳማ አለች። ቄጠማውን በሙሉ ጎትታ አስገብታዋለች። በፊት እግሯ ትቧጥጠዋለች፤ ትዞራለች፤ ትተኛለች፤ ትነሣለች፤ እንደገና ትቧጥጣለች። ከሥሩ ደግሞ ቁርጥራጭ አቡጀዲና አንድ የደንበኛ ነጠላ። የነጠላውን ነገር እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቱ ጋዜጣ አንባቢ ናቸው።

እዚያ ጠረጴዛ ሥር ያረፈችው በአጋጣሚ አይደለም። ካቻምና ሳጥኑን ያቀረብኩላት ልትወልድ ስትቃረብ ነበርና ዞር ብላም አላየችውም። ዘንድሮ ሁለት ሳምንት ቀድሜ፣ የምትወደውን ጥግ ለይቼ፣ ካርቶን ዘርግቼ ጨርቅ ጣል አደረግኩ። እንዲያም ሆኖ እንጨት ክምሩ ሥር ጉድጓድ ስትጀምር ደርሼባታለሁ። በእኛ ሰፈር እንጨት ክምር ሥር መውለድ ማለት ለጅብ ማዕድ ማቅረብ ነው። ክምሩን በቆርቆሮ ዘጋሁት።

ከ10 ሰዓት ጀምሮ መንቀጥቀጥ ያዛት። ታለከልካለች፤ ጎኗን ዞራ ታያለች፤ ብልቷን ትልሳለች። አንዴ አስመለሳት። ይህ የምጡ መጀመሪያ ነው፤ ውስጧ ይከፈታል እንጂ ገና አታምጥም። 6 ሰዓትም 12 ሰዓትም ሊወስድ ይችላል፤ በመጀመሪያ ወሊድ ከዚያም ይረዝማል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጠርቶ ያሳያል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ መብራት ይበራል። ውሻ ከተረበሸች ምጡን ልታቆመው ትችላለች። እኔ በሩን ዘግቼ፣ ትልቁን መብራት አጥፍቼ፣ የስፌት መኪናዬን ትንሽ አምፖል ብቻ አበራሁ። ቀሚስ እየጠለፍኩ ተቀመጥኩ። ባለቤቴና ልጆቹ ነጭ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ነገሩ ተለወጠ። ጭራዋን አነሳች። ሆዷ እንደ ጡጫ ተጨበጠና ተለቀቀ። ደግሞ ተጨበጠ። ሰዓቴን አየሁ። አጥብቃ እያማጠች ግማሽ ሰዓት ሞልቶ ቡችላ ካልመጣ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ይህን በደብተሬ በቀይ ጽፌዋለሁ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። 4 ሰዓት ከ10 ላይ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ከረጢት ብቅ አለ፤ ሽርት ውሃው ፈሰሰ፤ ቡችላው ዱብ አለ። ዳማ ከረጢቱን ቀደደችው፤ እትብቱን ነከሰችው፤ አገላብጣ ላሰችው። ጮኸ። እኔ መቀሴን በአልኮል ጠርጌ ጎን አስቀምጬ ነበር። ማን ፈልጎኝ።

ሁለተኛው 4 ሰዓት ከ45 ላይ መጣ። ከእሱ በኋላ ቄጠማው ላይ ያ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ፈሰሰ። ልቤ ቀጥ አለ። እጄ ወደ ስልኩ ሄደ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ልጅ ወጥቷል፤ ሰዓቱ ሌላ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሦስተኛው በኋላ እግሩ ነው የመጣው። በውሻ ይህ የተለመደ ነው፤ በራሱ አያስደነግጥም። ግን ዳማ ደክሟት ኖሮ ከረጢቱን አልቀደደችም። አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ፤ ከዚያ በላይ አልደፈርኩም። በንጹሕ ጨርቅ ከአፍንጫው ላይ ገፈፍኩለት፤ ጀርባውን አሸሁት። ሲያለቅስ እኔም ልከተለው ትንሽ ቀረኝ። እትብቱ ይደማ ነበር። አርባ ዓመት ክር ያሰርኩበት ጣት ለዚያች ቀን ተንቀጠቀጠ። አልኮል የነከርኩትን ክር ከሆዱ ትንሽ ራቅ አድርጌ አሰርኩት፤ ደሙ ቆመ።

ከዚያ ጸጥ አለ።

ሆዷን በቀስታ ስዳስስ ገና ልጅ አለ። 6 ሰዓት ሆነ። 6 ተኩል ሆነ። በሁለት ቡችላ መካከል 2 ሰዓት ማለፍ እንደሌለበት አውቃለሁ። በስልኬ የያዝኳቸውን ሁለት ቁጥሮች ደወልኩ። አንደኛው አይነሳም። ሁለተኛው "ከበዓል በኋላ አምጣት" ብሎ ዘጋ። ያ ቀዶ ያዳናት ሐኪም ለበዓል አገር ቤት እንደሚወርድ ነግሮኝ ስለነበር ላስቸግረው አልፈለግኩም። ደወልኩለት። አነሳ።

"እያማጠች ነው ወይስ ተኝታለች፣ ጋሼ?"

"ተኝታለች። ልጆቿን ትልሳለች።"

"እንግዲያው እያረፈች ነው። ይተዉአት። ውሃ ያቅርቡላት፣ የተወለዱት ይጥቡ፤ መጥባታቸው ምጡን ይመልሰዋል። 2 ሰዓት ሞልቶ ካልመጣ ወይም ማማጥ ጀምራ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን መልሰው ይደውሉልኝ፤ ባልደረባዬን አስነሳለሁ።"

ሦስቱን ጡቷ ላይ አስጠጋሁ። የመጀመሪያው ወተት፣ እንገሩ፣ በመጀመሪያው ቀን ካልደረሳቸው ከበሽታ የሚጠብቃቸው ነገር ያጣሉ። ሙቀትም ራሳቸው መያዝ አይችሉም። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ጎናቸው አስቀመጥኩ። ከላይ ከጋራው ጅብ ይጮኻል፤ ከታች ከቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ድምፅ ይመጣል። እኔ መሐል ቁጭ ብዬ ሰዓት አያለሁ። አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ። 7 ሰዓት ከሩብ ላይ አራተኛው መጣ፤ 8 ሰዓት ሊሞላ ሲል አምስተኛው።

በእያንዳንዱ እንግዴ ልጅ አንድ ቁልፍ ስኒ ውስጥ እጥል ነበር። ውስጧ የቀረ ካለ ኋላ ማኅፀኗን ያመረቅዛል። ስትበላቸው መቁጠር ይከብዳል፤ ቶሎ ናት። አምስት ቁልፍ አገኘሁ። ተመስገን።

9 ሰዓት አልፎ ባለቤቴ ጧፏን ይዛ ስትገባ ጎረቤታችን እትዬም አብረው ነበሩ። በዘመናቸው ሰፈሩን ሁሉ ያዋለዱ ሴት ናቸው። ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው ሥር አዩ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" አሏት ዳማን። ወዲያው አፋቸውን ይዘው "ይቅር በለኝ፤ ለውሻ ይባላል እንዴ?" አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ባለቤቴ ቄጠማውን እያየች ነበር።

ይህን የምጽፍላችሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ዓይናቸው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተከፈተ። ሁለቱ ዳማ፣ ሁለቱ ጥቁር፣ አንዱ ቡራቡሬ ነው፤ የእሁዱና የማክሰኞው ጉዳይ ይመስለኛል። እኔ ግን መጠበቄን አላቆምኩም። እናቲቱ በምታጠባበት በእነዚህ ሳምንታት ደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም ድንገት ሊወርድ ይችላል። እንቅልፍ ያጣች፣ የምትንቀጠቀጥ፣ እግሯ የሚገተር ከሆነ ያው የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ነው። ያንን ፈርቶ በእርግዝናዋ ጊዜ የካልሲየም ክኒን መስጠት ደግሞ ይባስ ያጋልጣታል። አንድ ወዳጄ ሊያመጣልኝ ነበር፤ መለስኩት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ፤ ደብዳቤ ያለ ጥያቄ አይጻፍም። በበዓል ሌሊት ስልክ የሚያነሱ የእንስሳት ሐኪሞችን ዝርዝር፣ ሰዎቹ ከፈቀዱ፣ ከገና፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባለው ዕትማችሁ ብታወጡልን። አራት መስመር ቦታ ይበቃዋል። ላም ያለውም፣ በግ ያለውም ይጠቀምበታል። እኔ ያገኘሁት አገር ቤት በግ ሲያርድ የነበረ ሰው ስለሆነ ነው እንጂ አላገኝም ነበር።

ቡችላ የምትጠይቁኝ ሰዎች ደግሞ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው አትምጡ። ሦስት ወር ሲሆናቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደምታስከትቡ አፋችሁን ሞልታችሁ ካልነገራችሁኝም አልሰጥም። ቡራቡሬው ተይዟል፤ የኔ ነው። ለዳማ የማኅፀኑን ቀዶ ጥገና ልጆቿ ጡት ሲተዉ ቀጠሮ ይዤላታለሁ፤ እሱም በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፏል።

የዳማ ባለቤት
ልብስ ሰፊ፣ ከሽሮ ሜዳ